የእገሌ እናት

በልደታ ሰፈር ከእኔ በላይ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል፤ የሰፈሩ ሰው ግን ይመሰክራል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራጊኛ፣ ዐረብኛ፣ ለጋራዥ የሚበቃ ጣሊያንኛ፣ በቅዳሴ ሰዓት ከምእመናን ኋላ ቆሜ የለቀምኩት ግዕዝ፤ አንዱንም ማንም አላስተማረኝም። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት የልጆቼን ካርድ ለመቀበል ብቻ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከባድ መኪና ላይ ነው። አሰብ፣ ጅቡቲ፣ ነቀምቴ፣ ሞያሌ፤ ሌላው ሹፌር በየደረሰበት ሲጠጣና ሲተኛ እኔ ቃል እለቅም ነበር።

ዘዴዬ የራሴ ነው። አዲስ አገር ስደርስ ውሃና ዳቦ በምን ይጠራል ብዬ አልጠይቅም፤ ያንን በእጅም ማሳየት ይቻላል። መጀመሪያ የምጠይቀው እናት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ ቤት ምን እንደሚባሉ ነው። ቀጥዬ የእኔ፣ ያንተ፣ የእሷ ሲሆኑ መልካቸው እንዴት እንደሚቀየር እጠይቃለሁ። ቃል መልኩን ሲቀይር ያላየ ሰው ቃሉን አወቅኩ ማለት አይችልም። በአማርኛ ስሙና ባለቤቱ ተበይደዋል፤ ልጄ፣ ልጅሽ፣ ልጁ። በኦሮምኛ ግን ባለቤቱ እንደ ተሳቢ ከኋላ ይቀጠላል፤ ኢልመ ኮ ልጄ ነው፣ ኢልመ ኬ ልጅሽ ነው። ተሳቢውን ፈትተህ ሌላ ትቀጥላለህ፣ ዋናው መኪና አይነካም። ግን ያው ልጅ ራሱ መጣ፣ ሄደ፣ በላ ሊባል ሲል ኢልመ መሆኑ ይቀርና ኢልሚ ይሆናል። ዐረብ ደግሞ ጭራሽ ሞተር ያወርዳል፤ አንዱ ቤት በይት ነው፣ ሲበዛ ሆዱ ተፈትቶ ቡዩት ይሆናል። ግዕዝም የዚያው ጋራዥ ልጅ ነው፤ ቤት ሲበዛ አብያት ነው።

ቅጽሉም እንዲሁ ነው። እኛ ትልቅ ወንድም ትልቅ እህትም እንላለን፣ ቃሉ ግድ የለውም። ትግርኛ ወንዱን ዓቢ ሴቷን ዓባይ ይላል። ኦሮሞ ቀዩን ሰው ዲማ፣ ቀይዋን ዲምቱ ይላታል። ይህን ሁሉ መሪ ይዤ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ እያዘገምኩ ነው የፈታሁት። ረዳቶቼ ጸሎት የማደርግ ይመስላቸው ነበር።

ይህ ሁሉ እውቀት መጨረሻ ላይ የዋለው ለመርዶ ነው።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመሪ ወርጄ ልደታ ቤቴ ተቀመጥኩ። በእድራችን ውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ አፋቸውን የፈቱት በትግርኛ ነው። ወንድማቸው አገር ቤት ሞተና ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ሰዎች ሄድን። የእድሩ ዳኛ፣ ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ሰው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «ወንድምዎ አርፈዋል፣ ይበርቱ» አላቸው። ሽማግሌው «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ወንበር አቀረቡልን። አንዷን ልጅ ሻይ እንድታፈላ ላኩ። እኛ እርስ በርስ ተያየን። ያልገባቸው ሆኖ አይደለም፤ አማርኛውን እንደ ውሃ ይናገሩታል። ግን አማርኛ ሱሪ የሚለኩበት፣ ከደንበኛ የሚከራከሩበት ቋንቋ ነው። ወሬው እዚያው ሱቁ ውስጥ ቀረ፣ ወደ ቤት አልገባም።

እኔ ተነስቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና «ሓውኹም» አልኳቸው። ወንድምዎ ማለት ነው። ለእኩያ ቢሆን «ሓውካ» ይባላል፤ ለሽማግሌ ግን ብዙ አድርገህ፣ አክብረህ ነው የምትጠራው። ሌላ አልጨመርኩም። ሞቱ አላልኩም፣ አረፉ አላልኩም። ሽማግሌው አፌን አዩ፣ ቀሪውን ቃል ጠበቁ፣ አልመጣም፤ ያን ጊዜ ራሳቸው ጨርሰውት ወለሉ ላይ ወደቁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሰፈሩ መርዶ ያለ እኔ አልተነገረም። ሰው ሐዘኑን የሚሰማው እናቱ ባናገረችው ቋንቋ ነው፤ ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቃሉን ከነባለቤቱ ጠርቼ ዝም እላለሁ። አንዲት ጉራጌ ነጋዴ፣ ተክለ ሃይማኖት ሱቅ የነበራት፣ «በአማርኛ ቢነግሩኝ ኖሮ ሱቄን ከፍቼ እውል ነበር» ብላኛለች። ሙገሳ ነው፤ እንደ ሙገሳ ወስጄዋለሁ።

ዋጋም ነበረው። በማለዳ ጋቢ ለብሼ የሰው ደጅ መቆም አልቻልኩም። አንድ ቀን ውሃ ጠፍቶብኝ የጎረቤቴን በር ባንኳኳ፣ ሴትየዋ ከፍታ ስታየኝ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ማንን ነው? ማንን ነው? ቶሎ ይበሉ!»

«ውሃ መጥቶልሻል ወይ ልልሽ ነው።»

«ይንቀልዎት! ሰው እንዲህ ይመጣል? ሁለተኛ ከረፋዱ በፊት ደጄን እንዳይረግጡ!»

ባሏ ከውስጥ እየሳቀ «በየትኛው ቋንቋ ነው ውሃ የለም የሚሉን?» አለ። እኔም ሳቅኩ። ግን ከዚያ በኋላ ውሃ ሲጠፋ ራቅ ያለ ቧንቧ ነበር የምሄደው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ላይ አንዲት ሴት ትኖር ነበር። በልጅነቷ ከወለጋ መጥታ፣ ከፍርድ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ትንሽ ምግብ ቤት ስታበስል የኖረች ናት። ቀጠሮ ያለው ባለጉዳይ ሁሉ የእሷን ሽሮ በልቷል። ባሏ ቀድሞ ሞቷል። አንድ ልጅ ነበራት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ እገሌ ልበለው። በሰፈራችን ደንብ እናት በራሷ ስም አትጠራም፣ በልጇ ነው። ስለዚህ እሷም ለሁሉም የእገሌ እናት ነበረች። እኔም በኦሮምኛ ስጠራት ያንኑ ነበር የምላት፣ ሃዸ እገሌ። እሷም እኔን አንዴ ኦቦ፣ አንዴ ጋሼ ትለኝ ነበር።

ልጁን መሪ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ከእጄ የወጣ ጥሩ ሹፌር ሆነ። የጅቡቲን መስመር ይዞ በየጉዞው ለእናቱ ይደውልላት ነበር፤ እሷም ከደወለላት በኋላ ደጅ ለደጅ እየዞረች የነገራትን ሁሉ ታወራልን ነበር።

የእናትየው ግራ ዓይን ድሮ ጠፍቷል። በቀኙም ሞራ ወጣባትና ተገፈፈላት። ዓይኗ ላይ ክዳን ለጥፈው ወደ ቤቷ መለሷት። ዶክተሩ ጭስ እንዳይነካት፣ እንዳታጎነብስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዳታለቅስ አስጠነቀቃት። ሰፈሩ ተራ ገብቶ አበሰለላት፣ አጠበላት።

በዚያው ሰሞን ሰንጋ ተራ አንድ የድሮ ሹፌር ጓደኛዬ መንገድ ላይ ክንዴን ያዘኝ። ፊቱን አይቼ ወሬው ምን እንደሆነ አወቅኩ፤ በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ያውቃል። የልጁ መኪና ከሚሌ በታች ተገልብጧል። በዚያ ሙቀት አስከሬን ማቆየት አይቻልም፣ ሹፌሮቹ እዚያው ካለች ቤተ ክርስቲያን ቀብረውታል። ጓደኛዬ «እናቱን አንተ ታውቃታለህ» አለኝ። አውቃታለሁ አልኩት።

የእድሩ ኮሚቴ በዳኛው ቤት ተሰበሰበ።

«ለቅሶ ክልክል ነው ተብሏል» አለ ዳኛው። «ያለቻት ዓይን ያቺ ናት። ልጇን እግዜር ወሰደው፣ ዓይኗን ደግሞ እኛ እንውሰድባት?»

«ሰፈሩ ለልማት ሊፈርስ ነው» አልኩ። «ዛሬ ከነገርናት ሰው አለ፣ ድንኳን አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ። ሲበተን ማን ያስተዛዝናታል?»

«ማፍረሱ ከክረምት በኋላ ነው የሚባለው።»

«ማን ነው የሚለው?»

ገንዘብ ያዥዋ ጣልቃ ገባች። ምላሷ ስል ነው። «እርስዎ ደግሞ መርዶ ካልተናገሩ ያምዎታል! ትንሽ ቢቆይ ቃሉ አይሻግትብዎትም።»

ሁሉም ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ ስለሳቁ አፈሩ። ዶክተሩ እስኪፈቅድ ይቆይ ተባለ። እኔ አልተስማማሁም፤ ግን እድር ከወሰነ ወሰነ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ተነገረው፣ ሰፈሩ ሁሉ ዝም አለ።

መዋሸቱ ለእኔ ወደቀ፣ ምክንያቱም በየቀኑ የሚያናግራት እኔ ነኝ። ዓይኗ ተሸፍኖ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች፣ እኔ በርጩማ ስቤ በኦሮምኛ አጫውታታለሁ። ልጁ ለምን አይደውልም ትለኛለች። አፋር በረሃ ኔትወርክ የለም እላታለሁ። መኪናው ተበላሽቶ ጅቡቲ ዕቃ እየጠበቀ ነው እላታለሁ። የመኪናው የትኛው ክፍል እንደተሰበረ ሳይቀር እነግራታለሁ፤ ያን ዓይነት ውሸት ሹፌር ያልሆነ ሰው ሊዋሸው አይችልም። ታምነኝ ነበር። መልካም ውሸታም ነበርኩ፣ ይህንንም ከችሎታዬ እቆጥረዋለሁ።

ያላሰብኩት ነገር ከሌላ በኩል መጣ። አንድ ቀን ገና ከመቀመጤ እንዲህ አለችኝ።

«ጋሼ፣ ሰው ምን ሆኖ ነው ስሜን የቀየረው?»

«እንዴት ቀየረው?»

«ድሮ የእገሌ እናት፣ እንዴት ዋልሽ ነበር የሚሉኝ። አሁን ሁሉም እትዬ ሆኗል። እትዬ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው። እትዬ፣ ትንሽ ይቅመሱ። ያቺ አፏን የፈታችው እኔ ቤት የሆነች የሻይ ቤቷ ልጅ እንኳ እርስዎ አለችኝ።»

«ኦፕራሲዮን ያደረገ ሰው ይከበራላ!»

«ኦፕራሲዮን እኮ ነው ያደረግኩት፣ ጵጵስና አልተሾምኩም።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ግን ነገሩ ገብቶኛል። ሴትየዋን በስሟ መጥራት የሞተውን ልጅ መጥራት ነው። የእገሌ እናት ሊል አፉን የከፈተ ሁሉ ስሙ ጉሮሮው ላይ ይቆምበታል። ስለዚህ እትዬ ይላታል። ያዘነላትም አንቺ ማለት ይከብደውና እርስዎ ይላታል። ማንም አልመከረም፣ ማንም አላዘዘም፤ ሰፈሩ በሙሉ በራሱ ጊዜ አጠራሯን ለወጠው። እኔ በየአገሩ የሰው መጠሪያ እንዴት እንደሚለዋወጥ ስለቅም የኖርኩ ሰው፣ በደጄ ሲለወጥ ቀድማኝ የሰማችው ዓይኗ የተሸፈነው ሴትዮ ናት።

በማግስቱ ቧንቧው ጋ ቆሜ ለሰልፈኛው ተናገርኩ።

«ስሟን መልሱላት። የእገሌ እናት በሏት። አንቺ በሏት። እንደ ድሮው።»

«እርስዎ ይቻልዎታል፣ ለምደውታል» አለችኝ አንዷ። «እኔ አፌ ላይ አይወጣም።»

«ይውጣ!»

ሞከረች። ሳህን ይዛ ሄደችና ከደጁ ላይ «የእገሌ...» ብላ፣ ሳህኑን ደፍ ላይ አስቀምጣ ሮጠች። ሴትየዋ ከውስጥ «ማን ነው? ማን ነው የጠራኝ?» ስትል ይሰማ ነበር። በኋላ በደንብ የጠራናት ልጆቹና እኔ ብቻ ነን፤ ልጆቹ ስለማያውቁ፣ እኔ ስለማውቅ።

ማፍረሱ ክረምቱን አልጠበቀም።

አንድ ሰሞን ቀይ ቀለም በየግድግዳው ተቀባ። ከዚያ ሰዎች የኮንዶሚኒየም ቁልፋቸውን እየያዙ መሄድ ጀመሩ። አይሱዙዎች በጠባቡ መንገድ እየገቡ አልጋና ቁም ሣጥን ይጭናሉ፣ ቆርቆሮው ይነቀላል፣ ጭቃው ግድግዳ ብቻውን ራቁቱን ይቆማል። ሰው ወደ ጀሞ፣ ወደ ገላን፣ ስሙን ወዳልሰማነው ቦታ ሁሉ ተበተነ። እድሩም ለሁለት ተከፈለ። ድንኳኑን አንዱ ወገን ወሰደ፣ ድስቱንና ወንበሩን ሌላው። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ነበር፤ አሁን መድገም አያስፈልገኝም።

የሚሄደው ሁሉ ሊሰናበታት ይመጣ ነበር። አብረው ወልደዋል፣ አብረው ቀብረዋል፣ በአንድ ቧንቧ ዕድሜያቸውን ቀድተዋል። ግን አንዱም ፊቷ ማልቀስ አልደፈረም። አንድ ሰው እንባ ቢያመልጠው እሷም ታለቅሳለች፣ እሷ ካለቀሰች ደግሞ ነገሩ ይወጣል። ስለዚህ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ቶሎ ስመዋት፣ ፊታቸውን አዙረው ይወጣሉ። መኪናው ላይ ከወጡ በኋላ ነው የሚያለቅሱት።

ክዳኑ ከተነሳላትና ማየት ከጀመረች በኋላ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ እኔ ክፉ ሰው ነበርኩ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ይሄ ሁሉ ሰው ሲለየኝ አንዱ እንኳ እንባ ጠብ አላደረገም። ያቺ ልጇን ያሳደግኩላት እንኳ እንደ ባለጉዳይ ጨብጣኝ ሄደች። ምን አድርጌ ነው?»

ለዚያ የሚሆን ውሸት በአንዱም ቋንቋ አላገኘሁም። ላንቺው ዓይን ብለው ነው አልኳት፤ ይህም እውነት ነበር።

ዶክተሩ ድነሻል ባላት ማግስት፣ ሊነጋጋ ሲል ሄድን። ዳኛው ከገላን፣ ገንዘብ ያዥዋ ከጀሞ በመጀመሪያው ታክሲ መጡ። ከሰፈሩ እኔና ሌላ አንድ ሽማግሌ ነበርን። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመ ቤት ጥቂት ነው፤ ሌላው የጭቃ ክምርና የተሰበረ ሸክላ ነው። በሩን አንኳኳሁ።

ከፈተችልን። አሁን ታያለች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ጋቢዬን። ከዚያ ከሰፈር የሄደውን ዳኛ አየችው። ከዚያ ገንዘብ ያዥዋን። እኔ አፌን ከፍቼ «ኢልሚ ኬ» ልላት ስል እጇን አነሳች።

«አይናገሩ።»

በመካከላችን አልፋ ወደ ውጭ ወጣች። መንገዱ መሃል ቆማ ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች።

«መቼ ነው?» አለች።

ዳኛው ነገራት። ገና ዓይኗ ተሸፍኖ እያለ እንደሆነ ነገራት።

«ለዚህ ነው በደረቅ ዓይን የሄዱት?»

«ለዚህ ነው።»

«ሁሉም ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ውሃ የምትቀዳልኝም?»

ገንዘብ ያዥዋ ቀደመችና «ወይኔ እናቴ!» ብላ ደረቷን ልትመታ ስትል ሴትየዋ እጇን ያዘቻት።

«ተዪው። ለማን ነው የምታለቅሺው፣ ለግድግዳው? እኔ በዚህ ሰፈር የሁሉን ለቅሶ አልቅሻለሁ። የማን ሬሳ ያለ እኔ ወጣ? ልጄ ሲሞት ሰው የለም። ለቅሶዬን አስቀርታችሁብኝ ነው የመጣችሁት። ሰው ሳይሰበሰብ አላለቅስም።»

ገብታ በሩን ዘጋች። አላለቀሰችም። በዚያም ቀን፣ በማግስቱም አላለቀሰችም። ምግብ አልቀመሰችም። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ያቺን የዳነች ዓይን ገልጣ ትቀመጣለች። ዳኛው ፈራ። «እንባው ውስጧ ቀርቶ ይገድላታል፣ እባክህ አንድ ነገር አድርግ» አለኝ። «መጀመሪያ ብትሰማኝ ኖሮ» አላልኩትም፤ ፊቱ በቂ ነበር። አፍራሾቹም እንደ ነገ ከነገ ወዲያ እሷ በር ይደርሳሉ።

ሰው ልሰበስብ ወጣሁ።

ጀሞ ስደርስ ነው ችግሩ የገባኝ። ሕንፃው ሁሉ አንድ ነው። አንዱ ከአንዱ አይለይም። የማን ልጅ፣ የማን ቤት ብትል የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም አዲስ ነው። በልደታ የእገሌ እናት ብትል ዓይነ ስውር ይመራሃል፤ እዚያ ግን ዘበኛው «ብሎክ ስንት?» ይለኛል። ስለዚህ በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ሜዳ ቆምኩና ድምፄን ለቀቅኩት። በአማርኛ፣ «የእገሌ እናት፣ የልደታዋ፣ መርዶ ተነገራት!» አልኩ። በኦሮምኛ ደገምኩት፣ እዚያ እናት አድራጊ ስትሆን ሃዸ መባሏ ቀርቶ ሃቲ ትሆናለችና አስተካክዬ። በትግርኛ «ኣዲኡ» ብዬ ጠራኋት፣ እናቱ ማለት ነው። በጉራጊኛም ተጣራሁ።

አንድ ወጣት ከሰገነት ላይ «ፋዘር፣ ሼም ነው፣ ሰው ተኝቷል!» አለኝ።

«አንተን አይደለም የምጠራው፣ ዝም በል!»

ጓደኛው «አራዳ ሽማግሌ ናቸው ጀለሴ፣ ተዋቸው» አለው።

ከዚያ አንድ መስኮት ተከፈተ፣ ደግሞ ሌላ። ያቺ ሳህን አስቀምጣ የሮጠችው ሴት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበረች። ድምፄን አውቃው ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ወረደች፣ ከሕንፃው በር ሳትወጣ ጩኸቷን ለቀቀችው። ስንት ሳምንት ሙሉ የያዘችው ጩኸት ነው። ከየደረጃው ሰው ወረደ። የማያውቋት እንኳ ወረዱ። ገላንም እንዲሁ አደረግኩ። ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ድንኳን የለም፤ የሹፌር ጓደኞቼ የጭነት መኪና ሸራ አምጥተው በሁለቱ ቤቶች ፍርስራሽ መካከል ወጠሩት። ሰው ጭቃ ክምር ላይ ተቀመጠ። ኤክስካቫተሩ ሥራውን ሊጀምር ሲል እኔ ሄጄ አሽከርካሪውን አናገርኩት። መሪ የያዘ ሰው ነው፣ ሹፌር ሞቶ ነው ስለው ሞተሩን አጠፋና መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ።

ሴትየዋ ወጣች። ሰውን አንድ በአንድ አየች። ሁሉንም አወቀቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ኢልመ ኮ» አለች። ልጄ። ሌላ አላለችም፣ ያችኑ ነው የደጋገመችው። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ «ወደይ» አሉ፣ ሌላው «ልጄ» አለ። ያን ቀን አንድ ነገር አስተዋልኩ። በለቅሶ ጊዜ ሰው መጣም ሄደም አይልም፤ በምችላቸው ቋንቋዎች ሁሉ ስሙና «የእኔ» የሚለው ብቻ ይቀራሉ። ይህን የጻፈ ሰው ካለ እኔ አላየሁም።

እስከ ማታ አለቀሰች።

ዓይኗ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በዓመቱ ደበዘዘ፣ ከዚያ ጠፋ። ዳኛው እስካሁን ለቅሶው ነው ይላል። ዶክተሩ ስኳር ነው አለ። እኔ ሁለቱንም አልተከራከርኩም። እሷ ግን ጠይቄያት «በዚያች እሑድ ሁሉንም አይቻቸዋለሁ» ነው ያለችኝ።

እንግዲህ ያደረግኩትን ልናገር፤ ሌላ የሚናገርልኝ የለም።

ጀሞና ገላን የተበተነውን ሰው ያለ ስልክ፣ ያለ አድራሻ፣ በድምፄ ብቻ ሰበሰብኩ። ድንኳን በጠፋበት ሸራ አስወጠርኩ።

ኤክስካቫተሩን አስቆምኩ።

ዓርባው ሳይወጣ ሚሌ ድረስ በጭነት መኪና ጋቢና ወስጄ መቃብሩን አሳየኋት። ያን ጊዜ ገና ታይ ነበር። ለተቀበረበት ደብር ካህን የልጁን ክርስትና ስም ነግሬ መስቀሉ ላይ አስጻፍኩላት።

የተበተነውን እድር አንድ ላይ ማድረግ ሞክሬ አልቻልኩም። ግን የሁለቱም ወገን ሰው በዓመቱ ተዝካር እንዲገኝ አደረግኩ፤ ዳኛውና ገንዘብ ያዥዋ ከአንድ ትሪ በሉ።

ዓይኗ ሲጠፋ፣ በዕጣ የደረሳት ቤት አራተኛ ፎቅ ስለነበር፣ ለእኔ የደረሰኝን የምድር ቤት ሰጥቻት የእሷን ወሰድኩ። ልጆቼ ተቆጡኝ። ደረጃው ረጅም ነው፣ ሊፍት የለውም። በዚህ ዕድሜዬ በየቀኑ እወጣዋለሁ፣ መሃል ላይ አላርፍም።